ጀርባውን የሰጠው መስታወት

መስታወቱን የሰበረችው ድመት ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ለሆነው ሁሉ እሷን እንዳትረግሙብኝ ነው። ድመት ብትሰብር መስታወት ነው፤ ሰው የሚሰብረውን አትሰብርም።

ካሜራው ትልቅ፣ የእንጨት፣ በሦስት እግር የሚቆም፣ አንዲት ፎቶ አንሺ ከአባቷ የተረከበችው ነበር። እንዲህ ያለው ካሜራ ጀርባው ላይ ደብዛዛ መስታወት አለው፤ ከሌንሱ ፊት የተቀመጠ ሰው ተዘቅዝቆ እዚያ ላይ ያርፋል። ፎቶ አንሺዋ ጥቁር ጨርቅ ተከናንባ ምስሉን መስታወቱ ላይ ታጠራዋለች፤ ከጠራላት በኋላ ፊልሙ የመስታወቱን ቦታ ይይዛል። መስታወቱ ከሌለ ካሜራው ዕውር ነው። በዚያ ቤት ደግሞ ዕውርነት ቀልድ አልነበረም። አባቷ በዚሁ ካሜራ የሰፈሩን ሰው ሲያነሱ ኖረው፣ ብርሃናቸው ቀስ በቀስ ከድቷቸው፣ አሁን የፎቶ ቤቱ ጥግ ተቀምጠው ደንበኛን በድምፁ እየለዩ ይውላሉ። ልጃቸውን የሚጠሯት «ዓይኔ» ብለው ነው።

ስብርባሪውን በፎጣ ጠቅልላ መንገዱ ማዶ ወዳለው መስታወት ቆራጭ ሄደች። ወጣቱ ቆራጭ ቀና አለ፤ ቅንድቡ ላይ ሁሉ ነጭ ብናኝ ነበር።

«እህቴ፣ የመስኮት ነው የመታጠቢያ ቤት?»

«የካሜራ።»

«ካሜራ ደግሞ ምን መስታወት አለው?»

«ዓይን ነበረው። ድመት አወጣችበት።»

ሳቀ። ስብርባሪውን ተቀብሎ ሻካራውን ገጽ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ የሕፃን ጉንጭ የሚነካ ነው የሚመስለው። እሷም ጣቱን አየች። ምን ታድርግ፣ ማየት ሥራዋ ነው።

ከቀናት በኋላ ልዩ ልዩ መስታወት ታቅፎ ፎቶ ቤቱ ድረስ መጣ። አንደኛው ሻካራ ነው፤ ብርሃኑ ልክ የለውም፣ ግን የሰው ፊት ላይ አሸዋ የተበተነ ያስመስላል። ሌላው ከሱቅ የተገዛ ነው፤ እሱም ያበራል፣ ነገር ግን ውስጡ ያሉት ክብ መስመሮች ዓይን ያወናብዳሉ። የመጨረሻው ውኃና ደቃቅ የድንጋይ ዱቄት እያደረገ፣ መስታወትን በመስታወት ላይ እያሸ፣ ራሱ በእጁ የሠራው ነው። ለመምረጥ አንድ ሰው ሌንሱ ፊት መቀመጥ ነበረበት። ሌላ ሰው የለም፤ እሱ ተቀመጠ።

እሷ ጨርቁን ተከናነበች። መጀመሪያ ሻካራውን፣ ቀጥሎ የሱቁን፣ በመጨረሻም የእጁን ሥራ አስገብታ አየች። እዚያኛው ላይ ስትደርስ ቆየች።

«አልጨረስሽም እንዴ?»

«አትንቀሳቀስ፤ ትደበዝዝብኛለህ።»

«ምን ያስቅሻል ታዲያ?»

«ተዘቅዝቀህም ኩራትህ አልወረደም።»

አገጩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ አየች። ሽፋሽፍቱን አንድ ባንድ አየች። ዓይኑ ሌንሱን ሳይሆን ከሌንሱ ኋላ ያለችውን እሷን እንደሚፈልግም አየች። ከጨርቁ ስትወጣ ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ ሙቀቱ ነው ብላ አሳበበች።

«ይኼኛው ጥጋጥጉ ይጨልማል እኮ» አላት። «ሻካራው አይሻልሽም?»

«ጥጉን ምን ላድርገው? ሰው የሚቀመጠው መሐል ነው። ይኼን ነው የምወስደው።»

«መስታወቱን ነው?»

«ለጊዜው መስታወቱን።»

ከዚያ ቀን ወዲህ «እህቴ» ማለቱን ተወ።

አገጣጠሙን ያስተማረችው እሷ ናት። «ሻካራው ገጽ ወደ ሌንሱ፣ ለስላሳው ወደኔ» አለችው። «ከገለበጥከው የመስታወቱ ውፍረት ብቻ ለማበላሸት ይበቃል፤ እዚህ የጠራልኝ ፊልሙ ላይ ይደበዝዛል።» እሱም ደጋግሞ በጣቱ እየዳሰሰ ተማረ። ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ይኸው ጉብዝናው ነው ኋላ አንጀቴን ያሳረረው።

ተዋደዱ። እናቱ «ልጄ» እያሉ ይጠሯት ጀመር፤ አባቷም «የዚህ ልጅ እርምጃ ደስ ይለኛል፤ አይቸኩልም» አሉ። የሠርጋቸው ቀን ሊቆረጥ ሲል ሩቅ ከተማ ካለ ትልቅ ሙዚየም ስልክ ተደወለላት። የአረጋውያንን ፊት በትልቅ ካሜራ የሚያነሳ ሰው ይፈልጋሉ፤ ጥቂት የሙከራ ምስሎች ልካ ከወደዱላት ሥራው የእሷ ነው። አባቷ ዓይናቸው ሳይጠፋ የተመኙት ሥራ ነበር።

በደስታ እየዘለለች ነገረችው። «አብረን እንሄዳለን! አባዬንም ይዘን!»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አላት። እናቱን ጥሎ፣ ሱቁን ዘግቶ መሄድ እንደማይሆንለት አልነገራትም። ካሜራውን ሲያይ ቆየና «መስታወቱ አቧራ ይዟል፤ አውጥቼ ልጠብልሽ» አለ።

አጥቦ መለሰው።

ለሙከራ ምስሉ የጠራቻቸው ሽማግሌዎች መጡ፣ ተቀመጡ፣ ተነሱ። ጨርቁ ሥር ሁሉም ጥርት ያለ ነበር። ጨለማ ክፍል ገብታ ፊልሙን ስታጥብ ግን ዓይኖቻቸው ጭጋግ ለብሰው ወጡ። ደገመች፤ ያው ነው። ምስሉን የምታጠራበትን አጉሊ መነጽር ለወጠች፣ መብራቱን ለወጠች፤ ያው። የአባቷም ሕመም ሲጀምር እንዲህ ነበር፤ ጠራልኝ ያሉት ሁሉ ደብዝዞ ይወጣባቸው ነበር።

«ዓይኔ እየሄደ ነው» አለችው፤ ደረቱ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች።

ፀጉሯን እየዳበሰ «እኔ አለሁልሽ። እጅሽን ይዤ እኖራለሁ» አላት።

«መስታወቱስ? በደንብ ገብቷል?»

«እኔው በእጄ ያስገባሁትን? አታምኚኝም?»

በመጠየቋ አፈረች። ሐኪም ቤት እንዳትሄድ ፍርሃት ያዛት፤ እሱም «ከሠርጉ በኋላ እንሄዳለን፣ አሁን አትረበሺ» አላት። ለአባቷ መንገር ደግሞ «ከደሜ አወረስኳት» ብለው እንዲሞቱ መፍረድ መሰላት። ሙዚየሙ ጋ ራሷ ደውላ «አሞኛል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» አለች። መንገድ ስትሻገር እጇን እየያዘ ያሻግራት ጀመር። የምታየውን መንገድ!

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቷ ከጥጋቸው ሆነው «ዓይኔ፣ ካሜራው ለምን ዝም አለ?» አሏት።

ሆድ የቻለውን አፍ አልቻለውም፤ ሁሉንም ዘረገፈችው። አባቷ አላለቀሱም።

«ፎቶው ላይ የጠራ ነገር ምንም የለም?»

«የሰዎቹ ዓይን ድብዝዝ ነው፣ አባዬ።»

«የደበዘዘውን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

ምስሉን መስኮቱ ጋ ወስዳ አየች። «የወንበሩ መደገፊያ። በላዩ የተቀረጸው አበባ፣ ስንጥቁ ሳይቀር ይታያል።»

«ልጄ፣ የታመመ ዓይን ሰውን ትቶ ወንበር አይመርጥም» አሉና ተነሡ። ግድግዳውን እየዳበሱ ካሜራው ጋ ደረሱ፤ የጀርባውን መስታወት በጥፍራቸው ጫሩት። ለስላሳ መሆን የሚገባው ገጽ ክርርር አለ።

«ሻካራው ወደ ውጭ ነው። ማን ነው ያወጣው?»

እሷም ሻካራውን ገጽ በጣቷ ዳሰሰችው። አባቷ «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ብቻ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

መስታወቱን አዙራ አባቷን አነሳቻቸው። ጨለማ ክፍል ውስጥ የአባቷ ሽፋሽፍት አንድ ባንድ ከውኃው ሥር ብቅ ብቅ አለ። ዓይኗ ደህና ነው! ጮኸች፣ ሳቀች፣ ወረቀቱን እያንጠባጠበች ሳመችው። ወዲያው ደግሞ ያ ፀጉሯን የዳበሰው እጅ ትዝ አላት፤ ቁጢጥ አለችና እንደዚያ አልቅሳ በማታውቀው ሁኔታ አለቀሰች።

በማግስቱ ጠራችው። የሠርጉን ቀን የምታወራው መስሎት እየሳቀ ገባ።

«ተቀመጥ፤ ላንሳህ» አለችው፤ ጨርቁንም ተከናነበች።

«ዓይንሽን አታድክሚው፣ የኔ እናት።»

«መቼ ነው የገለበጥከው?»

መስታወቱ ላይ ሳቁ ሲጠፋ አየች።

«እንዳትሄጂብኝ ነው» አለ በመጨረሻ። «ወድጄሽ ነው።»

«መውደድህን አልጠየቅሁህም። ሥራውን ቀማኸኝ፤ ይሁን፣ ሥራ ይገኛል። ዓይኔ ጠፋ ብዬ ሳለቅስስ? እጄን ይዘህ ስታሻግረኝስ? ያኔ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ይቅር እልህ ነበር!»

«ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። በየቀኑ።»

«ምን ያዘህ?»

አንገቱን ደፋ። «ስትደገፊኝ ደስ አለኝ» አለ።

ከጨርቁ ሥር አልወጣችም፤ እንባዋን ልታሳየው አልፈለገችም። እሱም ያለቅስ ነበር። ምስሉ የተዘቀዘቀ ነውና እንባው ከዓይኑ ወደ ላይ ሲወርድ አየችው። ጠባሳው፣ ሽፋሽፍቱ፣ ሁሉም እንደ መጀመሪያው ቀን ጥርት ብሏል። አሁንም ትወደው ነበር፤ የጨነቃትም እሱ ነው። ሌንሱን ከደነችው።

«አነሳሽኝ?»

«አላነሳሁህም። አይቼሃለሁ፤ ይበቃኛል።»

በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «መስታወቱን ልውሰደው? ሌላ ታሠሪያለሽ… እያየሽው እንዳትናደጂ።»

«ተወው። ጥሩ መስታወት ነው፤ የሱ ጥፋት አይደለም።»

አባቷ ከጥጋቸው ሆነው እርምጃውን እስኪርቅ አዳመጡት። አሁንም አይቸኩልም ነበር።

ሙዚየሙ ሌላ ሰው ቀጥሮ ነበር። እሷም ፎቶ ቤቷን ይዛ ቀረች፤ በዚያው መስታወት ሙሽራውን፣ ተመራቂውን፣ ሽማግሌውን ታነሳለች። ጥርት ያለ ሥራ ነው፣ ከሩቅ ሳይቀር ይመጡላታል። ፊልም ከማስገባቷ በፊት ግን ሁልጊዜ መስታወቱን በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች። ደንበኞቿ የአባቷ ልማድ ይመስላቸዋል። ከመስታወት ቆራጩ በፊት እንዲህ አታደርግም ነበር።