ከቀብሩ በፊት የተተከለው አጥር

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ልብስ ሰፊዋ በታላቅ እህቷ መኝታ ቤት ተንበርክካ፣ የእህቷን የተተረተረ ቀሚስ ገላዋ ላይ እንዳለ ትጠግናለች። ታች ግቢው ውስጥ ሙዚቃው ይጮኻል። እህቷና ኮንትራክተሩ ባሏ የተጋቡበትን ሃያ አምስተኛ ዓመት የሚያከብሩበት ቀን ነው።

"እትዬ፣ ቁንጫን ብቻዋን ትቻታለሁ፤ ቶሎ ልውረድ" አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

"ምን ብቻዋን? መቶ ሰው መሃል አይደለችም እንዴ! ይልቅ እጅሽን አፍጥኚው፣ ፎቶ አንሺው እየጠበቀኝ ነው።"

ቁንጫ የሦስት ዓመት ልጇ ናት። አንድ ቦታ አልቀመጥ ስላለች እናቷ ያወጣችላት ስም ነው። አባቷ ሳትወለድ በሕመም ሞቷል፤ እናትና ልጅ በእትዬ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። ልብስ ሰፊዋ በዚህች ምድር ላይ ማን ነበራት? ይህች ልጅና እትዬ፣ ሌላ ማን አላት! እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን አቋርጣ፣ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ያሳደገቻት እትዬ ነበረች።

ግቢው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አለ። ማዘጋጃ ቤቱ "ዙሪያውን ሳታጥሩ ውሃ አትሞሉም" ስላለ፣ ኮንትራክተሩ እያጉረመረመ ከሰው ወገብ ከፍ ያለ የብረት አጥር አቁሞለታል። በሩ በራሱ ይዘጋል፤ መቀርቀሪያውም የልጅ እጅ አይደርስበትም። እትዬ ግን አንድ ቀን እንኳ ወዳው አታውቅም። "ቤቴን እስር ቤት አስመሰለው" ትላለች። ቅዳሜ ዕለት ብሎኑ ሁሉ ተፈታና አጥሩ ከጋራዡ ኋላ ተደረደረ። ለምን? ለፎቶ!

"እትዬ፣ ቁንጫስ?" ብላ ነበር ልብስ ሰፊዋ።

"አንቺ ደግሞ! ለአንድ ቀን ነው። ውሃው ጥርስ የለው፣ አይነክሳት!"

ቀሚሱ ተሰፋ። እትዬ ወርዳ ጀርባዋን ለገንዳው ሰጥታ ከባሏ ጎን ቆመች፤ መቶው ሰው በሙሉ ፊቱን ወደ ካሜራው አዞረ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ደረሰች። ዓይኗ ልጇን ፈለገ፤ ከወንበሩ ሥር፣ ከጠረጴዛው ኋላ... ከዚያ ውሃው ላይ አንዲት ትንሽ ቢጫ ቀሚስ አየች። ራሷ የሰፋችው ቀሚስ ነው። ከነጫማዋ ዘለለች። ልጇን አቅፋ ስትወጣ ሰው ሁሉ አሁንም ለካሜራው ፈገግ እንዳለ ነበር።

ሐኪም ቤት አደረሷት። ምን ያደርጋል? አልቆ ነበር!

ሰኞ ጠዋት ትንሿ ሳጥን ሳሎኑ መሃል ተቀምጣ፣ ለቀስተኛው ዙሪያውን ያለቅሳል። ድንገት ከግቢው ድምፅ ተሰማ። ድርርር... ድርርር... ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። ኮንትራክተሩ ጥቁር ልብሱን እንደለበሰ አጎንብሶ፣ ለሠራተኛው የብሎኑን ቦታ በጣቱ ያሳያል። አጥሩን እየመለሱ ነው! ልጅቷ ሳትቀበር!

እትዬ መጥታ እጇን ያዘቻት፤ የትናንቱ ሽቶ አሁንም እጇ ላይ ነበር።

"የኔ እናት፣ ልጅቷ እንደሆነች አትመለስም" አለች በሹክሹክታ። "የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ሲመጣ በሩ እንዳይዘጋ ድንጋይ አስደግፌ የረሳሁት እኔ ነኝ በይ። ጋሼሽ ይታሰራል። አንቺን ግን ምን ያደርጉሻል? እናት ናት፣ የደረሰባት ይበቃታል ብለው ይተዉሻል።"

"ልጄን እኔ ገደልኳት ልበል?"

"ጡት አላጠባሁሽም እንጂ ምን ያጎደልኩብሽ ነገር አለ? አንድ ቀን ምን ጠየቅሁሽ?"

እውነቷን ነው፣ አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠብቅ የኖረችው ይህን ልትጠይቅ ኖሯል! ልብስ ሰፊዋ እነዚያን ያሳደጓትን እጆች ከእጇ ላይ አንስታ፣ እንደ ቆሻሻ ጨርቅ አስቀመጠቻቸው።

ከቀብሩ በማግስቱ የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣ። አጥሩን ለካ፤ በብረቶቹ መሃል የልጅ ጭንቅላት ያልፍ እንደሆነ አየ፤ በሩን ከፍቶ ለቀቀው። በሩ ቀጭ ብሎ ራሱን ዘጋ።

"እንከን የለውም" አለ ግራ ገብቶት። "ታዲያ ልጅቷ በየት ገባች?"

ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። እትዬ በዓይኗ ለመነቻት። እንዴት ያለ ልመና! ያሳደገቻት፣ ያበላቻት፣ ጠጉሯን የሠራችላት እህቷ... ልብስ ሰፊዋ "እኔ ነኝ" ብትል ቤትም፣ እህትም ይተርፍላታል። ብትል ግን ያቺን ልጅ ሁለተኛ ትቀብራታለች።

"አጥር አልነበረም" አለች። "ይህን የተከሉት ሰኞ ነው፤ ልጄ ሳጥን ውስጥ ተኝታ። ፎቶውን አምጡ በሏቸው፤ ለፎቶ ብለው ነው ያነሱት።"

"ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቶት ነው፣ አይፍረዱባት" አለ ኮንትራክተሩ ፈጠን ብሎ።

ተቆጣጣሪው ግን ወደ ፎቶ አንሺው ደውሎ ፎቶውን አስመጣ። በፎቶው ላይ ባልና ሚስት ተቃቅፈው ይስቃሉ። ከኋላቸው አጥር የሌለው ገላጣ ውሃ ይታያል። ከዳሩ ላይ አንዲት ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ አጎንብሳ ውሃውን ትነካለች።

እትዬ ፎቶውን አየች። "ውይ... ዓይኔ ተጨፍኖ ወጥቷል" አለች፤ ከዚያ ያለችውን ራሷ ሰምታ አፏን በእጇ ያዘች።

ሰዎች ዕድሏ ነው ይላሉ፤ የተጻፈላት ነው ይላሉ። ዕድል ብሎን ይፈታል? ዕድል ፈገግ በሉ ይላል? ስንቱን ክፋታችንን ዕድል ላይ ጥለን እንተኛለን!

ኮንትራክተሩ ሁለት ዓመት ታሰረ። ልብስ ሰፊዋ በዚያው ሳምንት ማሽኗን ተሸክማ ወጣች። እትዬ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። ስትሞት ልብስ ሰፊዋ ሄዳ ቀበረቻት፤ አላለቀሰችም።