ከአባዶ እስከ ሩዋንዳ በአንድ ግሥ

ረታ ከየካ አባዶ ቦሌ የሠራተኛ ሰርቪስ ያመላልሳል። ቀይ መብራት ሲይዘው ጣቶቹ መሪውን ይደበድባሉ፤ መብራቱም የናቀው ይመስለዋል። ቢመስለውስ ማን ይፈርድበታል? ሰባተኛ ክፍል ሳለ የእንግሊዝኛ መምህሩ አስነስቶ አስነበበው፤ ተኮላተፈ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መምህሩም አብሮ ሳቀ። ረታ በማግስቱ ደብተሩን ጥሎ ወያላ ሆነ። የሳቁት ይኼኔ ረስተውታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሄርሞን ሩዋንዳ ሰፈር ባለ የእንግዳ ማረፊያ እንግዳ ተቀባይ ናት። መጀመሪያ ቀን ኋላው ሞልቶ ጋቢና ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ጋቢናው የሷ ሆነ። ሹፌር ለአንዲት ሴት ጋቢና ከያዘላት ሽማግሌ ከመላክ በምን ያንሳል? ተሳፋሪው ሁሉ አውቆ ዝም ይላል።

«የኛ ቤት ሹፌር ይፈልጋል፤ እንግዳ ከኤርፖርት የሚያመጣ» አለችው አንድ ጠዋት። «ፎርም ልሙላልህ?»

«በየትኛው እንግሊዝኛዬ?»

«አንድ ግሥ ጠንቅቀህ ያዝ። ጌት።»

«ምን ማለት ነው?»

«አገኘ ማለት ነው። ግን ፈረንጅ መኪና ሲገባም፣ ሲወርድም፣ ቤቱ ሲደርስም፣ ነገር ሲገባውም፣ ሲናደድም በሱ ነው የሚለው።»

«የድሃ ጋቢ በይኛ! ቀን ልብስ፣ ማታ ብርድ ልብስ፣ ሲዘንብ ጃንጥላ።»

ሳቀች። በዚህ ሳቅ አልከፋውም፤ ራሱን ታዘበ። ፎርሙን ስትሞላ ስንተኛ ክፍል እንዳቆመ ጠየቀችው። ለማንም ያልነገረውን በጆሮዋ ነገራት።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እስከ ጉርድ ሾላ ትፈትነዋለች።

«እንግዳው ሻንጣዬን አምጣልኝ ቢልህ?»

«ጌት።»

«ዝናብ ቢያበሰብሰው?»

«እሱም ጌት! ቆይ፣ ይኼ ግሥ እረፍት የለውም እንዴ?»

«እንዳንተ» አለችውና ወደ መስኮቱ ዞረች። ረታ አየት አደረጋት። ከኋላ ጥሩምባ እስኪጮህበት ድረስ አረንጓዴ መብራቱን አላየም።

አንድ አርብ፣ የማረፊያው ሠራተኛ ሊባኖስ ከኋላ ወንበር ጮኸ። «ረታ! በሰባተኛ ክፍል ፈረንጅ ልታናግር ነው አሉ!»

መኪናው ሳቀ። ረታ ወደ ሄርሞን ዞረ፤ አንገቷን ደፍታለች። እስከ ሩዋንዳ ነዳጁን እየረገጠ ነዳ።

«ረታ…» አለች ስትወርድ።

«በሩን ዝጊው።»

ሰኞ ጠዋት፣ ሄርሞን በሩ ጋ ቆማ ሳለ፣ «እትዬ የሻሽወርቅ፣ ጋቢና ይግቡ» አለ። አሮጊቷ ደንግጠው ሁለቱን ተራ በተራ አዩና ገቡ። ሄርሞን ኋላ ሄዳ ተቀመጠች። ማክሰኞ አልመጣችም። ረቡዕም።

ሐሙስ ሊባኖስ ጋቢና ገባ። «ልጅቷን ምን አደረግካት? የታክሲ ሰልፍ ላይ አየኋት።»

«ነገረችህ፣ ሳቅክብኝ። ሌላ ምን ቀራችሁ?»

«ማን ነገረኝ? ፎርሙ በኔ እጅ ነው የሚያልፈው፤ የትምህርት ደረጃ ይላል፣ አነበብኩ። አፌ ነው የፈጀህ፣ ወንድሜ። እሷማ ‹በሁለት ሳምንት ምን እንደተማረ ጠርታችሁ ስሙት› እያለች አለቃችንን ስትለማመጥ ነው የከረመችው።»

ረታ ሰው አራግፎ ማረፊያው ደጃፍ ላይ ወረደ። ሄርሞን ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች። ቀና ብላ አላየችውም።

«ለሹፌርነቱ ከሆነ፣ ሰኞ መለማመጤን ተውኩ፤ ትናንት ሰው ተቀጥሮበታል።»

ይቺ ጥፊ የራሱ እጅ ሥራ ነበረች። «ለሱ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

መንገድ ላይ ያሰናዳው ንግግር ሁሉ ጠፋው። ተኮላተፈ። «እኔ… ያወራሽብኝ መስሎኝ… ይቅርታ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በሰው ፊት አዋርዶ በሹክሹክታ ይቅርታ አለ እንዴ?»

ሻንጣ የያዙ ሁለት እንግዶች ቆመዋል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ታያለች። ረታ አያቸውና ቀና አለ።

«አጥፍቻለሁ፣ ሄርሞን!» አለ፤ አዳራሹ አስተጋባ። «ሰባተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ አፍሬበት ኖርኩ፤ እፍረቴን ባንቺ ላይ ተወጣሁት። ይቅር በይኝ።»

ማንም አልሳቀም። ሄርሞን ለእንግዶቹ ቁልፋቸውን አቀበለችና ወደ ረታ ዞረች።

«ምሳ የምወጣው ስድስት ሰዓት ነው።»

«ገና ሦስት አልሞላም እኮ!»

«እኔ ሦስት ቀን ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከቻልክ ጠብቅ።»

ወጣ። ስልኩ ጮኸ፤ አጠፋው። ጥበቃው ዱካ ሲያቀብለው ተቀበለና፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ተቀመጠ።