ውኃ የማይጠይቅ ግቢ

መቅደላዊት ጥዑመ ልሳንን ገና ባየችው ዕለት ልትጣላው ተነሥታ ነበር። ኋላ ብዙ ጊዜ፣ ምነው ያን ዕለት ተጣልተን በቀረን ኖሮ ብላለች፤ ግን አልሆነላትም።

ከዓባይ ማዶ ችግኝ ጣቢያ ተጠርቶ የመጣው የአባቷን ሣር እንዲያድን ነው። እሱ ግን ጫማውን አውልቆ ሣሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ተራመደ፤ ጎንበስ ብሎ ጥቂት ከሥሩ ነቅሎ አሸተተ፤ ከዚያ «ይሄስ ቢነሣ ይሻላል» አላት።

«ምኑ ይነሣ?»

«ሣሩ።»

«የቱ ሣር?»

«ሁሉም።»

ይህን ሣር ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። አቶ ሀብተ ሥላሴ የእህል ንግዳቸውን ትተው ጣና ዳር መናፈሻ ሲከፍቱ፣ ከቤቱ አስቀድመው የተከሉት ሣሩን ነበር። የባሕር ዳር ሙሽራ ግማሹ ፎቶ የተነሣው እዚያ ሣር ላይ ነው ቢባል ማጋነኑ ብዙ አይደለም። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ግቢውን የያዙት ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ኪዳንና አንዲት ልጃቸው መቅደላዊት ናቸው። ሐይቁ ግን ከአጥሩ እየራቀ ሄደ። ውኃ መሳቢያውን ሞተር የእምቦጭ አረም እያነቀ አስቸገረ። የቧንቧው ውኃም በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ደስ ሲለው። ሣሩ ቢጫ ሲሆን መቅደላዊት በጀሪካን ማጠጣት ጀመረች።

«አባዬ የተከለውን አላስነቅልም» አለችው።

«አባትሽ ሲተክሉት ሐይቁ እዚህ ድረስ ነበር» አለና በእጁ አጥሩን አሳያት። «አሁን የት እንዳለ ተመልከቺ። ሣሩን እያዳንሽው አይደለም እኮ፤ እያስታመምሽው ነው።»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን በረንዳ ላይ ሆነው ይሰሙ ነበርና፣ «ልጁ እውነቱን ነው፣ መቅዲ። አባትሽም ቢሆን የሞተ ነገር ታቅፎ መቀመጥ አይወድም ነበር» አሉ። ነገሩ በዚያው ተቆረጠ።

ሥራው ሲጀመር መቅደላዊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ዶማው መሬት ባረፈ ቁጥር እሷ ትሳቀቃለች። በማግሥቱ ወንበሯን ወደ ግቢው መለሰችው። ሰንበት ብላ ደግሞ «የአባዬን ሣር ባዳ ከሚነቅለው እኔው ልንቀለው» ብላ ዶማ አነሣች።

«እንዲያ አይያዝም» አላት።

«አንተ የራስህን ያዝ።»

«እሺ። ማታ እጅሽ ሲያቃጥልሽ አላየሁም፣ አልሰማሁም።»

እጇ እስከ ማታም አልቆየላት፤ ከቀትር በፊት ውኃ ቋጠረ። ጥዑመ ልሳን ጓንቱን አውልቆ ከዶማዋ አጠገብ አስቀመጠና ወደ ሥራው ተመለሰ። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ጓንቱን ስታጠልቀው ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ያን ዕለት ስለ ሣሩ ማሰቧን ተወች።

የተራቆተውን መሬት አብረው አለበሱት። ከወንዝ የመጣ ጠጠር አፈሰሱ፤ ጥቁር ድንጋይ ደረደሩ፤ በመሃል በመሃሉ እሬት፣ ጦስኝና ክትክታ፣ በሐይቁ በኩል ደግሞ የወይራ ችግኝ ተከሉ። መሬቱ እርጥበቱን እንዲይዝ በደረቅ ቅጠል ጎዘጎዙት። ተክሎቹ አንዴ ሥር ከያዙ የክረምቱ ዝናብ ለዓመቱ ይበቃቸዋል።

«ከእንግዲህ ዋናው ነገር አለማጠጣት ነው» አላት። «በተለይ እሬቱን። ሰው ያዝንለትና ያጠጣዋል፤ ከዚያ ሥሩ ይበሰብሳል።»

«ታዲያ ውኃ ካልፈለገ አንተም አትመጣም ማለት ነው?»

ጠጠሩን ማስተካከሉን ተወና ቀና አለ። «እኔ ለእሬቱ ብዬ የምመጣ ይመስልሻል?»

ሐይቁ ላይ አንድ ታንኳ እያለፈ ነበር፤ ብርቱ ጉዳይ ያላቸው ይመስል እስኪርቅ ድረስ ሁለቱም እሱን ሲመለከቱ ቆዩ።

ጥዑመ ልሳን የመሪጌታ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ያለው ጢስ ዓባይ ነው፤ እሱ ደግሞ ድቁና ስላለው እሑድ እሑድ ይቀድሳል። ሲያገባም እንደ ሥርዓቱ በቁርባን ነው፤ ይህንንም ሳይደብቅ ነግሯታል። መቅደላዊት «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ» አለችው እንጂ በልቧ ቀሚሷን እስከ መለካት ደርሳ ነበር።

«አባዬ ቢኖር ዶማህን ቀምቶ ያባርርህ ነበር» አለችው አንድ ቀን ከግቢው ማንጎ ጥላ ምሳ ሲበሉ።

«ቁጡ ነበሩ እንዴ?»

«አፉ ነው እንጂ ልቡ አይችልም። ወዲያው ተመልሶ ምሳ በላህ ወይ ይልሃል።»

ሳቀ፤ ከዚያም በሐሳብ ሄድ አለ። «እኔ የክርስትና አባቴን በመልክ አላውቃቸውም» አለ። «መንገደኛ ነጋዴ ነበሩ አሉ። አነሡኝ፤ ለጥቂት ዓመት ለፋሲካ ልብስ ላኩልኝ፤ ከዚያ እኛ ከነበርንበት ስንለቅ ተጠፋፋን። ምነው ለሠርጌ እንኳ ባገኘኋቸው እላለሁ።»

«ለሠርግህ?»

«ለሠርጌ።» አሁን ዓይን ዓይኗን አያት።

መቅደላዊት ፊቷን የምታደርግበት አጣች። «እኔ እፈልግልሃለሁ» አለች። «ያገሩ ነጋዴ ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ግቢ ሠርግ መምጣቱ አይቀርም።»

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እናቱ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ልጄ የሠራውን ግቢ ልይ ብለው ከጢስ ዓባይ መጡ። ግቢውን አሉ እንጂ ዓይናቸው ከመቅደላዊት ላይ አልተነቀለም። «ይህን የመሰለ ቦታ ድንጋይ አለበስኸው?» ብለው ልጃቸውን ቀለዱበት፤ መቅደላዊትን ግን እጇን ይዘው ነው ሳሎን የገቡት። ግድግዳው ላይ የአቶ ሀብተ ሥላሴ የጎልማሳነት ፎቶ ተሰቅሏል።

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ከፎቶው ሥር ሲደርሱ እጇን ለቀቁና ጠጋ አሉ።

«ወልደ ሚካኤል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት። «ወልደ ሚካኤል ናቸው። ልጄን ያነሡልኝ ሰው። ጥዑሜ፣ ና እያቸው፤ የክርስትና አባትህ ናቸው።»

ደስታቸው ለማንም ፋታ አልሰጠም። ፎቶውን ሳሙ፤ ወዲያው ታሪኩን ያወሩት ጀመር። ያኔ መሪጌታ የሚያገለግሉት ከአንበሳሜ ወዲያ ባለች የገጠር ደብር ነበር። ሕፃኑ አርባ ቀን ሲሞላው ክርስትና ሊያነሣ የታሰበው ዘመድ ወንዝ ሞልቶበት ከማዶ ቀረ። እህል ሊገዙ የመጡ አንድ ነጋዴ ሊሳለሙ ገብተው ነበርና ካህኑ «እርስዎ ያንሡልን» ቢሏቸው ሳያንገራግሩ ታቀፉት። እንደ ደንቡ እዚያ የነገሩት የክርስትና ስማቸውን ነው፤ ሀብተ ሥላሴ መባላቸውን የጠየቀም ያወቀም የለም።

«እርስዎ እኮ አበልጄ ነዎት» ብለው ወይዘሮ ወለተ ኪዳን አንገት ላይ ተጠመጠሙ።

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ግን እጃቸውን አላነሡም። «የልጁ የክርስትና ስም ማን ነው?» አሉ።

«ገብረ ማርያም።»

«የፋሲካ ልብሱን እኔ ነበርሁ የምሰፋለት» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን። «ባለቤቴ ገብረ ማርያም ሲለው ነው የሰማሁት። ሌላ ስም እንዳለው አልነገረኝም።»

ክርስትና ያነሣ ሰው አባት ነው፤ የእሱ ልጅም ለተነሣው ልጅ እህቱ ናት። እህትና ወንድም አይጋቡም። ይህን እዚያ ቤት ውስጥ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ወይዘሮ ፅጌ ማርያም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ያገኙት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥዑመ ልሳን ከፎቶው ፊት እንደ ቆመ ቀረ። መቅደላዊት አየችው፤ እሱ ግን ዞሮ አላያትም።

ሲወጣ ተከትላው ጠጠሩ ላይ ደረሰችበት።

«ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም» አለችው። «ሰው አገር እንኑር። እዚያ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አባዬ እኮ አንድ ጠዋት ነው ያቀፈህ።»

«አዎ፣ አንድ ጠዋት ነው። ከውኃው ስወጣ የተቀበለኝ እጅ ግን የእሳቸው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ባገኘኋቸው እያልሁ ኖርሁ፣ መቅዲ። ሳገኛቸው ልካዳቸው?»

«እኔስ?»

ጎንበስ ብሎ ከመንገዱ የወጣ ድንጋይ ወደ ቦታው መለሰ፤ ሲያደርገው የኖረው ሥራ ስለሆነ እጁ ሳያስብ ነው የሄደው። «እፈልግልሃለሁ ብለሽኝ ነበር» አለ ሲነሣ። «አገኘሽልኝ።»

ከዚያ በሩን ከፍቶ ሄደ።

መቅደላዊት ጠላችው። አባቷንም ጠላች፤ ፎቶውን አወረደች፤ ግድግዳው ላይ የቀረውን ነጭ ቦታ ስታይ አልቻለችም፣ አልቅሳ መልሳ ሰቀለችው። እናቷ «ልጄ፣ ይወጣልሽ፣ አልቅሽ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውም። ምነው ያን ዕለት ስለ ፋሲካው ልብስ ባልተናገሩ ኖሮ ብላ የተመኘችበትም ሰዓት ነበር፤ ያን ስታስብ ደግሞ በራሷ ታፍራለች።

ግቢው ግን አማረበት። በጋው ገባ፤ የጎረቤቱ ሣር ሁሉ ነደደ፤ የእነሱ ጦስኝ ሸተተ፤ እሬቱ ወፈረ። ውኃ አልጠየቀ፤ ሰው አልጠየቀ። እሱ ከሄደ ወዲህ ምንም የጎደለው ነገር የለም። መቅደላዊትን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ሣሩ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ስንት ጊዜ ታሞ ባስጠራው ነበር።

አንድ ጠዋት ጀሪካኑን አነሣች። ሳታውቅ ነው እንዳንል አሳምራ ታውቃለች። በመንገዱ ዳር ያለውን እሬት አጠጣች። በማግሥቱም አጠጣች። ቅጠሉ እስኪላላ፣ ሥሩ ዘንድ እስኪጠቁር ድረስ በየጠዋቱ ስታጠጣ ከረመች።

«እሬቱ ምን ሆነ?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን።

«እንጃ።»

እናቷ የረጠበውን ጠጠር አዩት፤ ልጃቸውንም አዩ። «እንግዲያ ይጠራና ይየው» አሉ።

መጣ። ከስቷል። ወይዘሮ ወለተ ኪዳንን እንደ ክርስትና ልጅ ጉልበታቸውን ሳመ፤ መቅደላዊትን ከሩቅ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ። ከዚያ ወደ እሬቱ ሄዶ ተንበረከከ። ሲስበው ሳይታገል ወጣ። ሥሩን አሸተተ፤ የመጀመሪያ ዕለት ሣሩን እንዳሸተተው።

«አጠጥተሽዋል» አለ።

«አዎ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እንደሚሞት ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ነግረኸኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

«ካልሞተ መች ትመጣለህ?»

ጥዑመ ልሳን ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። እጇን ልትዘረጋ ፈለገች፤ ልትነካው የምትችልበት መንገድ ግን አንድ ብቻ ነበር የቀረው፣ እሱም የእህት ነው። እጇን ወደ ኪሷ መለሰችው።

ቆይቶ ቢላውን አወጣ። የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለ፤ ጤነኛውን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አስጋደመው። «ቁስሉ ሳይደርቅ አይተከልም» አላት። «ሲደርቅ መልሰሽ ትተክይዋለሽ። ከዚያ አትንኪው።»

«አንተ አትተክለውም?»

«አልመጣም፣ መቅዲ። ጎንደር ሥራ ይዣለሁ።» ቢላውን ጠርጎ አጠፈ። «መንገዱ ከብዶኝ እንዳይመስልሽ። እህቴን ልጠይቅ ብዬ መምጣት አቃተኝ። ከጢስ ዓባይ ስነሣ እህቴ ናት፣ እህቴ ናት እያልሁ ነው የመጣሁት፤ በሩን ስትከፍቺልኝ ግን ጠፋብኝ።»

«እኔም ወንድሜ ማለት አልቻልሁም» አለችው።

«ሞክሪ። እኔም እሞክራለሁ።»

እሬቱ ድንጋዩ ላይ ደረቀ። መቅደላዊት ተከለችው። አንዳንድ ጠዋት እጇ ጀሪካኑን ያነሣዋል፤ እሬቱ ድረስ ትሄድና ቆማ፣ ቆማ፣ ተመልሳ ወጥ ቤት ያለው በርሜል ውስጥ ትገለብጠዋለች።

ክረምቱ አልፎ የሠርግ ወራት ሲመለስ እሬቱ ቀይ አበባ አወጣ። አንዲት ሙሽራ ፎቶ ልትነሣ መጥታ ቀሚሷን ሰብስባ ጠጠሩ ላይ ቆመች። «እኛ ሰፈር ሣር ሁሉ ደርቋል» አለች፤ «ይሄን እንዴት አድርጋችሁ ነው? ማን ነው የሠራላችሁ?»

መቅደላዊት የሙሽራዋን ቬሎ ጫፍ ከእሬቱ እሾህ እያላቀቀች ነበር። የመጨረሻውን እሾህ አላቀቀች።

«ወንድሜ ነው» አለች።