እሳት መግቻው ላይ የተተከሉት ችግኞች

የደን ጽሕፈት ቤቱ አሠራር የኖረና የታወቀ ነበር። ዝናብ ሲጥል ጸሐፊዋና ሾፌሩ ሳይቀሩ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። ዝናቡ ሲያባራ ግማሹ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ የዓመት ፈቃድ ይወጣል። ለምን ቢባል፣ ሲሠራ የኖረው እንዲህ ነው።

በዚያ ዓመት ሁለት ሺህ አንድ መቶ ችግኝ ቦታ አጥቶ ተረፈ። ኃላፊው እሳት መግቻው ላይ እንዲተከል አዘዘ። እሳት መግቻ ማለት ደኑን ለሁለት የሚከፍል፣ ሣር እንኳ እንዳይበቅልበት የሚጠረግ ስምንት ሜትር ስፋት ያለው ባዶ መሬት ነው።

የደን ጥበቃው ይህን ሰምተው ቢሮ ድረስ መጡ። ኃላፊውን ከሕፃንነቱ ጀምረው ያሳደጉት አጎቱ ናቸው። ቤት «አንተ ልጅ» ይሉታል፤ ቢሮ ሲገቡ ግን ማዕረጉን አይነፍጉትም።

«ኃላፊ፣ መግቻው ላይ አታስተክል። ባዶ የተተወው እሳት መጥቶ የሚበላው ሲያጣ እንዲቆም ነው።»

«አጎቴ፣ ያ ሁሉ መሬት ባዶውን ሲታይ ያሳፍራል። ለባዶ መሬት ማን ያጨበጭባል?»

«ለተቃጠለስ?»

ኃላፊው ሳቀ። «እርስዎ ደግሞ በዚህ ዝናብ እሳት ይታይዎታል።»

ችግኙ ተተከለ። ዕቅዱም ከመቶ በመቶ በላይ ሆነ፤ ኃላፊው መድረክ ላይ ተጠርቶ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፣ ተጨበጨበለትም።

በጋው ሲገባ በችግኞቹ መሀል ያደገው ሣር ወገብ ደርሶ ደረቀ። ጥበቃው እንደገና መጡ።

«አሥራ አምስት ሰው ለአሥር ቀን ስጠኝና ልጥረገው።»

«ከየት ላምጣ? ግማሹ ፈቃድ ላይ ነው፣ የቀረው ለከርሞ ችግኝ በከረጢት አፈር እየሞላ ነው። ሲመለሱ እልክልዎታለሁ።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፣ ልጄ» አሉና ወጡ። ማዕረጉን የረሱት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሠራተኞቹ ሊመለሱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመንገድ ዳር እሳት ተነሣ። መግቻው ጋ ሲደርስ አልቆመም፤ በደረቁ ሣር ላይ ተሻገረ። ኃላፊው ጸሐፊዋን፣ ሾፌሩንና አፈር የሚሞሉትን ሠራተኞች ይዞ ሲደርስ ሽማግሌው ብቻቸውን እሳቱን በቅርንጫፍ ይደበድቡ ነበር። የሃያ ስድስት ዓመት ደን በአንድ ከሰዓት አመድ ሆነ።

ኃላፊው አጎቱን ሆስፒታል ሁለቱም እጆቻቸው በፋሻ ተጠቅልለው አገኛቸው። ሾርባ በማንኪያ እያጎረሳቸው «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አጎቴ» አለ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ። አልተቆጡም፤ እሱን ያንገበገበውም አለመቆጣታቸው ነው። ቆይተው «እነዚያ መግቻው ላይ ያሉት ችግኞች ሪፖርቱ ላይ አሉ?» ብለው ጠየቁት።

«አሉ።»

«እንግዲህ እዚያው ይደጉ።»

በማግስቱ ኃላፊው ቁጥሩን ከሪፖርቱ ሰርዞ ምክንያቱን በገዛ እጁ ጻፈ። ዛሬ በቢሮው ግድግዳ ላይ የወራት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ፈቃድ በየተራ ነው፣ ዝናቡ እንዳባራ ከሁሉ በፊት የሚሠራውም መግቻ ጠረጋ ነው። ሰው የምትመድቡ ሁሉ፣ ጭብጨባ የሌለውን ሥራ ለትርፍ ጊዜ አታቆዩት፤ ወቅቱ እናንተን አይጠብቅም።

የአጎቱ ጣቶች ዛሬም አይታጠፉም። ኃላፊው በየማለዳው ቢሮ ከመግባቱ በፊት ቤታቸው ጎራ ብሎ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይቆልፍላቸዋል።