ግድግዳው ዝም ያለበት ጠዋት

«ማሽኑ ይጮኻል ብላ በአምስት ወር አምስት ጊዜ ከሳናለች፤ ይኸው፣ አምስቱም ወረቀት በስሟ ነው» አለች ጌሱን ጣቷን ወደ አሮጊቷ እየቀሰረች። «ባሌ ፍሬን ሳይዝ ወጥቶ አያውቅም። የለቀቀችበት እሷ ናት።»

«ነጎድጓድ የማትሰማ ሴት በጩኸት ምክንያት ሰው ትገድላለች?» አለች የአሮጊቷ ልጅ ቦክሲል።

መርማሪ ሜንግ በሁለቱ መካከል ቆሞ ያዳምጥ ነበር። የጌሱን ባል ኪሁ ሁለቱ ቤቶች በሚጋሩት የድንጋይ ግድግዳ ላይ ምሰሶ ተክሎ፣ ከአናቱ ቀጥ ባሉ ክንፎች የሚዞር ትንሽ የነፋስ መብራት ማመንጫ አቁሟል። ዛሬ ጠዋት በመሰላል እንደወጣ ክንፉ ጭንቅላቱን መትቶ ጥሎ ገደለው።

«ፍሬኑን ረስቶ ነው። ይፈርሙና እንቅበረው» አለ የመንደሩ ሹም ወረቀቱን ዘርግቶ። ሜንግ ካልፈረመ አሮጊቷን ይዟት መሄዱ ነው።

እማማ ቹንዎል ስድሳ ዓመት ስትጠልቅበት የኖረችው የጄጁ ደሴት ባሕር ጆሮዋን በልቶታል። የሁሉንም አፍ በየተራ እያየች ፈገግ ትላለች።

«ጠዋት የት ነበርሽ?» አላት ሜንግ ጌሱንን።

«ባሕር፣ ከአስራ ሁለት ሴቶች ጋር። ይጠይቋቸው፤ ሐሜቴን ጨምረው ይነግሩዎታል።»

«አንቺስ ቦክሲል?»

«እዚሁ፣ እናቴን አጥሚት ሳበላ። ያ ነገር ከንጋት ጀምሮ ሲያጓራ ነው የዋለው፤ ለአፍታ አላረፈም።»

ሜንግ ወጥቶ ፍሬኑን ያዘና ማሽኑ ሲቆም መሰላሉን ወጣ። ሲመለስ ጣቱ ላይ ግራሶ ነበር። አሮጊቷ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ መዳፏን ግድግዳው ላይ አኖረና በዓይኑ ጠየቃት።

ፊቷ በራ። «ንዝረቱን ነው?» አለች ጮክ ብላ። «የባሌን የጀልባ ሞተር ይመስለኛል። ጆሮዬ ከጠፋ ወዲህ የቀረኝ እሱ ነው፤ ጀርባዬን አስደግፈዋለሁ። ዛሬ ጠዋትም እንዲህ ቀጥ ብሎብኝ ከፋኝ። ይቺ ልጄ ወጣች፣ አጥሚቱን ሳልጨርስ እንደገና ተነሣ።» ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺ ነሽ ያስነሣሽልኝ አይደል? ተባረኪ።»

ሜንግ ግራሶ የነካውን ጣቱን አሳያቸው።

«ክንፉ የሚዞርበት የላይኛው ኩሽኔታ አዲስ ግራሶ ተቀብቷል» አለ ሜንግ። «እየዞረ አይቀባም። ስለዚህ ኪሁ ፍሬኑን ይዞ ነው የወጣው። የፍሬኑ እጀታ ያለው ታች ነው፤ እላይ ያለ ሰው አይደርስበትም። ከሳሽ የተባለችው ሴት ደግሞ ማሽኑን ትወደዋለች። ክሱን በስሟ የጻፈው እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። አምስት ወር ያልተኛ ሰው ደግሞ ጸጥታው ሲመጣ አያመልጠውም፣ ቦክሲል። አንቺ ግን ለአፍታ አላረፈም አልሽኝ።»

ቦክሲል መሬት መሬቱን አየች። «ልለምነው ነበር የወጣሁት። ጸጥ ሲል አልቅሻለሁ። እሱ ግን ሁለተኛ ሊተክል እንደሆነ ከላይ ሆኖ ነገረኝ። ‹ትለምጂዋለሽ› ብሎ ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እጄ እጀታው ላይ ነበር።»

ጌሱን ልታንቃት ተነሣች፤ ሹሙ ወገቧን ያዘ። ሁሉም በአንድ ላይ ይናገር ጀመር። እማማ ቹንዎል የልጇን ፊት ረጅም ጊዜ አየች። መዳፏን እንደገና ግድግዳው ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ ግድግዳው አልነዘረም። ከዚያ የመጥለቂያ መነጽሯንና መረቧን ከምስማሩ አውርዳ፣ በሰዎቹ ጀርባ አልፋ ወደ ባሕሩ ወረደች።