ከጠርዝ የተቆረጠችው አክስት

ባቢከር የሞተው የከሰላ ገበያ ለቀትር እረፍት በሩን በሚዘጋበት ሰዓት ነው። ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው አዳሮብ የሱቁን የቆርቆሮ መዝጊያ ሽቅብ ሲገፋው፣ ሰውየውን እበሩ ሥር በደም ተነክሮ በደረቱ ተደፍቶ አገኘው።

የባቢከር ሥራ የሠርግና የሐጅ ፊልሞችን ለስልክ እንዲመቹ አድርጎ መቀየር ነበር። ካሴት ይዞለት የመጣውን ሰው የስልኩን መስታወት በአውራ ጣቱ ይለካና ፊልሙን በዚያው ልክ አሳንሶ በሚሞሪ ካርድ ይሰጠዋል። የስንቱን ቤት ጓዳ አይቶ ስለ አንዱም ሲያወራ ተሰምቶ አያውቅም። በዚያ ሳምንት ግን ስሙ ጠፋ። የሐጅ ጣሂር ልጅ ኒዕማት በሠርጓ ቀን፣ ሴቶቹ ለብቻቸው ሆነው፣ ስትጨፍር የተቀረጸው ፊልም በገበያው ስልኮች ሁሉ ገባ። ባሏ ወደ አባቷ ቤት መለሳት። ባቢከር በሞተበት ቀን፣ ቀትር ሲዳረስ፣ ሐጅ ጣሂር ሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ «ጓዳ ሻጭ» ብሎ ረግሞት ነበር።

ስለዚህ ሻምበል ኦሼክ ሲደርስ ገበያው ፍርዱን ጨርሷል። እሱ ግን መዝጊያውን መልሶ አስወረደና ከአንድ ፖሊስ ጋር ውስጥ ቀረ። በመደርደሪያው የብረት ማዕዘን ላይ ደምና ፀጉር ተጣብቋል። ከዚያ እስከ በሩ ወለሉ ላይ የደም መስመር ይታያል፤ የመዝጊያው ግርጌም የጣት ምልክት አለበት።

«ወዲያው አልሞተም» አለ ኦሼክ። «እስከ በሩ ድኋል። መዝጊያውን ያወረደበት ሰው ጥሎት የሄደው ነፍሱ ሳትወጣ ነው።»

የኮምፒውተሩ መስታወት ጠፍቷል፣ ማሽኑ ግን ያጉረመርማል። ኦሼክ መስታወቱን ሲያበራው ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ቆመው ብቅ አሉ። ሁለቱም ያው የሴቶች ጭፈራ ናቸው፤ አንዱ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ። ፖሊሱን ፊቱን እንዲያዞር አዘዘው። ለጥቂት ጊዜ ተመልክቶ አጠፋውና ስለዚህ ነገር ለማንም ትንፍሽ እንዳይል አስጠነቀቀው።

ሐጅ ጣሂር መራገሙን አልካደም። ከዚያ በቀጥታ መስጊድ ገብቶ እስከ ዐስር ሶላት እንዳልወጣ ተናገረ፤ ኢማሙም መሰከረለት። አዳሮብ ተኝቶ ነበር፤ በእንቅልፍ ልቡ ሁለት ሰዎች ዝግ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ ቢሰማም ጠብ አልመሰለውም። ኦሼክ ፊልሙን አይቶት እንደሆነ ሲጠይቀው በአላህ ስም ማለ። በገበያው የተጠየቁት ወንዶች ሁሉ እንዲሁ አላየንም ብለው ማሉ።

የኒዕማት አክስት ኻልቲ ሐዋ ግን አንደበቷ የተፈታ ሴት ናት።

«ስንት ቅጂ ተሠራ?» አላት።

«ሦስት። ለሐጅ፣ ለእኔ፣ ከጅዳ ሰፊ ታብሌት ይዞ ለመጣው ለኒዕማት ወንድም ለሃይደር። ካሴቱማ በኒዕማት ሳጥን ተቆልፎበታል። የእኔስ ምን ቅጂ ነው! ቀኑን ሙሉ ከበሮ መትቼ ባቢከር ከጠርዝ ቆርጦ ጣለኝ። ‹ኻልቲ፣ የአንቺም የሐጅም ስልክ ጠባብ ነው፣ ዳርና ዳሩ አይገባም› አለኝ። ‹ስልኬ ነው ወይስ ወገቤ የማይገባው?› አልኩት።» ሳቀችና ወዲያው ሟቹ ትዝ ሲላት አፏን በለበሰችው ቶብ ጫፍ ሸፈነች።

ሃይደር ሻምበሉን በቀዝቃዛ ካርካዴ ተቀበለው። ከሠርጉ ወዲህ ባቢከር ሱቅ አልረገጥኩም፣ በዚያ ቀትርም ቤቴ ተኝቼ ነበር አለ።

«ሙት አይወቀስም ጀናቡ» ሲል ጨመረ። «ግን እህቴን በሁለት ምስል ደርድሮ ሲያወዳድር የሚውል ሰው ምን ይባላል?»

ኦሼክ ካርካዴውን ጨርሶ አመሰገነና ወጣ።

በማግስቱ ሁሉንም በሐጅ ጣሂር ግቢ ሰበሰባቸው። ኒዕማት ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጠች።

«ባቢከር ለሐጅና ለኻልቲ የሠራው ጠባብ ነው» ሲል ጀመረ ኦሼክ። «ኻልቲ ሐዋ ተቆርጣለች። በገበያው የሚዞረው ፊልም ላይ ግን ከበሮዋን ይዛ ዳር ላይ ትታያለች። የተቆረጠ ጠርዝ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ የወጣው ሰፊው ቅጂ ነው፤ ሰፊ የተሠራው ለሃይደር ታብሌት ብቻ ነው።»

ሃይደር ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በገበያ የሚዞረው ሰፊው መሆኑን ማን ነገረህ ጀናቡ? አየሁ ያለ ሰው አለ?»

ኦሼክ ወደ መጋረጃው ሊያይ ፈልጎ አልቻለም።

«የለም፤ ሁሉም ምሏል» አለ። «ያየሁት እኔ ነኝ። ባቢከር ከመሞቱ በፊት፣ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ፣ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር። አላየሁም ማለት እችል ነበር። እስከ መጨረሻው አየሁት።»

አዳሮብ አንገቱን ደፋ። ኦሼክ ቀጠለ።

«ሰፊው በባቢከርም እጅ ነበር ትለኝ ይሆናል። እሱ አውጥቶት ቢሆን ማወዳደር ባላስፈለገው፤ ያወዳደረው ሌባውን ሊለይ ነው። ሁለቱን ምስሎች ደግሞ ከእኔና ከአንድ ፖሊስ በቀር ያየ የለም። መስታወቱ ጠፍቶ ነበር። አንተ ግን ሱቁን ሳትረግጥ ‹በሁለት ምስል› አልከኝ።»

ሃይደር አባቱን አየ፣ ከዚያም መሬቱን፤ በመጨረሻም አመነ። ታብሌቱን ጓደኞቹ ፊልም ይጫኑበት ብሎ አውሷቸው ነበር፤ የእህቱ ጭፈራ በውስጡ መኖሩን ረስቶታል። ባቢከር ነገሩን ሲደርስበት በምስጢር አስጠርቶ ምስሎቹን አሳየውና «እኔ አልናገርም፤ ለአባትህ አንተው ንገረው» አለው። ሃይደር ለመነው። ባቢከር እምቢ ሲል ገፈተረው።

«መግደል አላሰብኩም» አለ ሃይደር። «ወድቆ ውሃ ለመነኝ። ውሃ ባጠጣው ይተርፋል፣ ከተረፈ አባቴ ይሰማል አልኩ። መስታወቱን አጥፍቼ በሩን ዘጋሁበት።»

ሐጅ ጣሂር ጥምጣሙን ፈትቶ ፊቱን ሸፈነበት። ልጁን ሲወስዱት አልተነሳም።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ኦሼክ ከመጋረጃው ፊት ቆመ።

«እኅቴ፣ ይቅር በይኝ።»

ኒዕማት በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አለችው፦

«ባቢከር ካሴቱንና ካርዶቹን ያስረከበኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው። ካዩኝ ወንዶች ሁሉ ስለ እኔ ያፈረው እሱ ብቻ ነበር። እሱን ነው የቀበራችሁት።»

ኦሼክ ጫማውን ከደጃፉ አንስቶ፣ ሳያጠልቅ፣ በእጁ እንደያዘ ወጣ።