ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ

እኔ በመንፈስ፣ በጥላ፣ በምናምን አላምንም፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው የሟች ኮቴ ሰማን የሚሉ ሴቶችን ስንቴ አሳፍሬያለሁ፣ ስለዚህ ዛሬ ይህን ሳወራችሁ የማፍረው እኔ መሆኔን እወቁልኝ።

የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። የኢንተርኔት ገመድ ዛሬ ነገ እየተባለ እኛ ጋ አልደረሰም፣ ባለቤቴ ግርማ በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ገዝቶ መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጠው፣ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነበርና። በሱ ዳማ እንጫወት ነበር፣ እሱ ሳሎን፣ እኔ ጓዳ፣ በየስልካችን፣ ድምፅ ከፍተን። አትሳቁ። በስልኩ የሚመጣው ድምፅ ስለሚዘገይ፣ "እመቤት፣ ቆርኪሽን ልቀሚና ወደ ወጥሽ!" የሚለውን ፉከራውን ሁልጊዜ ሁለቴ እሰማው ነበር፣ አንዴ በግድግዳው፣ አንዴ በስልኩ። ከመጫወቱ በፊት የስልኩን ጀርባ በቀለበቱ ቋ ቋ ያደርጋል።

ሲታመም እህቱ ጸዳለ "ለሐኪም ቤት ይቀርበዋል" ብላ መካኒሳ፣ እሷ ቤት ወሰደችው። ልጠይቀው ሄጄ የብረት በሩን እየጮህኩ ብደበድብ ብቻዋን ወጣች።

"አንቺን ማየት አልፈልግም ብሏል፣ አታስጨንቂው።"

በዚያው ሳምንት ሞተ። እውነት ብሎ ነበር? ከዚያ ወዲህ ስበላም ስተኛም ይኼው ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየወቀጠ፣ ዳማ ከፈትኩ፣ ስምም ፎቶም የሌለው ተጋጣሚ ገባልኝ፣ ድምፅ ከፍቷል ግን አይናገርም።

"ሰውዬ፣ ዲዳ ነህ ወይስ ገና ሳንጀምር ፈራህ?" አልኩት።

ቋ ቋ።

እመኑኝ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ዝናቡ ነው አልኩ፣ ኔትወርኩ ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ሳል መጣ፣ ከሳሉ ኋላ የብረት በር ሲደበደብ፣ ከዚያ አንዲት ሴት ከውጭ "ክፈቱልኝ፣ እኔ ነኝ!" ስትል። ድምፁ የኔ ነበር። የዚያን ቀኑን የራሴን ጩኸት ከውስጥ፣ ከአልጋው በኩል ሰማሁት።

"ማናት?" አለ የደከመ የወንድ ድምፅ።

"የጎረቤት ልጅ ናት፣ ተኛ" አለች ጸዳለ።

"የሷ ድምፅ ነው እኮ። አስገቢያት እንጂ!"

ኮቴ፣ በር ሲከፈት፣ ከዚያ ዝም። "ግርማ!" ብዬ ጮህኩ። መኝታ ቤት ሮጬ ብገባ መብራት ሄዷል፣ ራውተሩ ጠፍቷል፣ ባትሪውም ባዶ ነው፣ ስልኬ ደግሞ ከዚህ ራውተር በቀር በሌላ ነገር ከኢንተርኔት ተገናኝቶ አያውቅም።

በማግሥቱ መካኒሳ ሄድኩ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኋትም።

"የጎረቤት ልጅ ናት ነው ያልሽው?"

ፊቷ አመድ መሰለ። "ማን ነገረሽ? ከኔና ከሱ ሌላ ሰው አልነበረም" አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ ብትጠይቀኝም አልሰጣትም ነበር። አሁን የሚበላኝ ሌላ ነው፣ እኔን መልሳ ወደ ውስጥ ስትገባ ምን አለችው? "ጥላህ ሄደች" ብላው ይሆን? ያንን አምኖ ሞቶ ይሆን?

ጨዋታው እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፣ ተራው ያንቺ ነው ይላል። አንድ ጠጠር ብገፋ ቀሪውን የምሰማ ይመስለኛል፣ እጄ ይሄድና ይመለሳል። አንዳንዴ ራውተሩ ጠፍቶ ሳለ ከስልኬ ቋ ቋ ይላል፣ መጠበቅ እንደሰለቸው ሰው።